ለነስራ የለቀቅኩት መደርደሪያ

ሁለት ሺህ አሥራ ሁለትን ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው በኮሮና ነው። እኔ የማስታውሰው በአልጋ ነው። በሽታው ገብቶ ተማሪው ሁሉ ሻንጣውን እየጎተተ ወደየቤቱ ከመበተኑ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ጅግጅጋ ካምፓስ ውስጥ አንድ የብረት አልጋ ነበረኝ፤ ያን አልጋ ተነጠቅኩ። የነጠቀኝ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ድሮውንም እጠነቀቅ ነበር። ሰው የሚጠነቀቀው ከክፉ ነው፤ እኔም እንደ ሰው ተታለልኩ።

ሁለተኛ ዓመት ስንገባ አዲሱን የሴቶች ሕንፃ ሰጡን። አዲስ የሚሉት ቀለሙን ነው። ውስጡ ሁለት ተደራራቢ አልጋ፣ ሁለት የቆርቆሮ ሎከርና እግሯ የሚንገዳገድ አንዲት ጠረጴዛ ነበረ፤ ለአራት ሰው መሆኑ ነው። ከሎከሮቹ አንዱ በሩ ታጥፎ አይዘጋም፣ ሌላው ተዘግቶ አይከፈትም። መስኮቱ ወደ ሜዳው ስለሚያይ የጅግጅጋ ነፋስ አቧራውን ተሸክሞ ሳይጠሩት ይገባል። ድልድሉ በዕጣ ስለነበር ቀለምወርቅ፣ ላዳንና እኔ ሪሐና አንድ ላይ ወደቅን። አራተኛዋ የነርሲንግ ተማሪ ነበረች፤ ከሆስፒታል ተረኝነት ስትመለስ ለመተኛት ብቻ ነው የምትመጣው።

በሩን ከፍቼ ስገባ ላዳን ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ግድግዳውን ታያለች። የአይሻ ልጅ ናት፤ አባቷ ከጅቡቲ ድንበር ዕቃ የሚያመላልሱ ነጋዴ ናቸው። አየችኝና «አባዮ፣ ይሄ እስር ቤት ነው እንዴ?» አለችኝ። አባዮ በሶማሊኛ እህቴ እንደ ማለት ነው። በዚህ ከተማ ሴት ሁሉ ለሴት ሁሉ አባዮ ናት፤ ሻይ የምትሸጠውም፣ ታክሲ ውስጥ እግርሽን የረገጠችሽም አባዮ ትልሻለች። እኔ ግን ከላዳን አፍ ሲወጣ አመንኩት።

«እስር ቤት አይደለም፣ ዕቃ ቤት ነው» አልኳት። «ቆይ፣ ቤት እናደርገዋለን።»

ይህን ያልኩት ለጉራ አይደለም። ያደግኩት አዲጋላ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ሠፈር ነው። የአክስቴ ባል የባቡር ሠራተኛ ስለነበር አንድ ክፍል ቤት ነበረን፤ ባቡሩ ቆሞ፣ ሰውየውም ሞቶ፣ ክፍሏ ብቻ ቀረችልን። አክስቴ በዚያች ክፍል የራሷንም የጎረቤቷንም ልጅ አሳድጋለች። ግድግዳው ላይ የማይሰቀል ነገር አልነበረም፤ ድስቱ ይሰቀላል፣ ፍራሹ ይሰቀላል፣ እኔም ሳልሰቀል የቀረሁት በዕድሌ ነው። ስለዚህ ጠባብ ክፍል ሳይ አልደነግጥም፤ እንዲያውም እጄን ይበላኛል።

መጀመሪያ አልጋዎቹን አነሳናቸው። ከሕንፃችን ጀርባ ግንባታ ስለነበር ፎርማኑን ለምነን ጠርዙ የተሸረፈ ብሎኬት ሰጠን። ላዳን ጋርባሳሯን፣ ያን ሰፊ የትከሻ ልብሷን፣ ወገቧ ላይ ጠምጥማ ብሎኬት ስትሸከም ወንዶቹ ተማሪዎች ቆመው ያዩን ነበር። አንዳችን አልጋውን በትከሻችን ስንደግፍ ሌላችን ብሎኬቱን ከእግሩ ሥር እናስገባለን። አልጋው ከፍ አለና ሥሩ መጋዘን ሆነ፤ ሻንጣው፣ ባልዲው፣ ውኃ የምናጠራቅምበት ቢጫ ጀሪካን ሁሉ እዚያ ገባ። ቀለምወርቅ ከኔ በላይ ስለምትተኛ «ጣራውን ልታስሙኝ ነው እንዴ?» ብላ ጮኸች፤ በኋላ ግን እሷም ሻንጣዋን ይዛ መጣች።

ከዚያ የቲማቲም ሳጥን ከገበያ አመጣሁ። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ፣ በምስማር አያይዤ፣ በሁለቱ ሎከሮች መሃል መደርደሪያ አቆምኩ። ከማዳበሪያ ጆንያ ኪስ በኪስ የሆነ የጫማ ማስቀመጫ ሰፍቼ ከበሩ ጀርባ ሰቀልኩ። ለመስኮቱ ከሲባጎና ከሽቦ የመጋረጃ ማንጠልጠያ ሠራሁ፤ የላዳን እናት ባቲ የሚሉት የቤት ቀሚስ የሚሰፋበት አበባ ያለበት ጨርቅ ልከውልን መጋረጃ ሆነ። የታጠፈውን የሎከር በር በድንጋይ ቀጥቅጬ አቃናሁት፤ አልከፈት ያለውን ደግሞ ቀለምወርቅ ቅቤ ቀብታ ከፈተችው።

ትልቁ ጭቅጭቅ የምግብ መደርደሪያው ነበር። ከአይሻ ለላዳን ሙቅማድ ይላክላታል፤ ደርቆ በቅቤ የተጠበሰ ሥጋ ነው፣ በጣሳ ታሽጎ ወር ቢቀመጥ አይበላሽም። ቀለምወርቅ ክርስቲያን ናት፤ የእኛን እርድ አትበላም፣ በጾም ደግሞ ቅቤው በሶዋን እንዳይነካባት ትሰጋለች። ሁለቱም ላይኛውን ክፍል ፈለጉ። እኔም በሶና ሽሮውን ከላይ፣ ሙቅማዱን ከታች አደረግኩና «ወደ ላይ የሚንጠባጠብ ቅቤ የለም፤ ጉዳዩ ተዘግቷል» አልኳቸው። ሦስታችንም ሳቅን፤ ከዚያ ወዲህ በምግብ ተጣልተን አናውቅም።

ከሌላ ክፍል የሚመጡ ልጆች በራችን ላይ ቆመው ያዩ ጀመር። ፕሮክተራችን ሀሊሞ፣ ሁላችንም አክስት ስንል ኤዶ የምንላት፣ አንድ ቀን ገብታ በአልጋው ሥር ጎንበስ ብላ አየችና «ማሻአላህ! ሌሎቹን እያመጣሁ ነው የማሳያቸው» አለች። ወዲያው ደግሞ የክፍሉን ተጠሪ እንድንመርጥ ነገረችን። ላዳንን የጠቆምኩት እኔ ነኝ። አንደበቷ ይጣፍጣል፣ ሰው ታከብራለች፤ እኔ ሶማሊኛው ባያንሰኝም ቁጣ ይቀድመኛል። ተጠሪ ማለት አምፖል ሲቃጠል ሄዶ የሚናገር ሰው ነው ብዬ ነበር የማስበው።

አንድ ዓርብ ከሰዓት ልብስ እያጠብን ሳለ ላዳን «ጅግጅጋ ውስጥ ዘመድ የለሽም?» ብላ ጠየቀችኝ። ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ነገርኳት።

አባቴ ሪድዋን እዚሁ ጅግጅጋ፣ ከመስጊዱ ጀርባ፣ የብርድ ልብስና የምንጣፍ ሱቅ አለው። እናቴን የፈታት እኔ ጡት ሳልጥል ነው፤ እናቴ ስትሞት አክስቴ ወሰደችኝ። አንደኛ ዓመት ተመድቤ ስመጣ ሱቁ ሄጄ ልጅህ ነኝ አልኩት። ሳመኝ። ለስላሳ አስከፈተልኝ። ለስላሳውን ሳልጨርስ «ዶርም ይሰጧችኋል አይደል?» አለኝ። ሚስቱ ፈትሂያ ከኋላ ቆማ ነበር፤ ምንም ሳልጠይቃት «እኛም ጠቦናል እኮ» አለች። ለስላሳውን ጨርሼ ወጣሁ፤ ከዚያ በኋላ ለዒድ ካልሆነ አልሄድም። አክስቴ ደግሞ ከአዲጋላ ለቤት ኪራይ የምትልከው ነገር የላትም። ዶርሙ ባይኖር ትምህርቱም አይኖርም ነበር፤ ወይም ደግሞ ሰው ቤት ጥግ ይዤ፣ ቀን ብርድ ልብስ እያጠፍኩ፣ ማታ «እኛም ጠቦናል» እየሰማሁ ነው የምማረው።

ላዳን አለቀሰች። የጨመቀችው ልብስ እጇ ላይ እንዳለ «ከዛሬ ጀምሮ ቤትሽ ይሄ ነው፣ ወላሂ» አለችኝ። እኔም አለቀስኩ። ያን ቀን ክፍሉን እንዴት እንደወደድኩት ልነግራችሁ አልችልም።

ጥር ላይ ነስራ መጣች።

ያን ሰሞን በሌላ ክልል ዩኒቨርሲቲዎች ረብሻ ስለነበር ብዙ የሶማሌ ልጆች ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደየቤታቸው ተመልሰው ነበር። ነስራ ከነሱ አንዷ ናት፤ የላዳን አጎት ልጅ። ትልቅ ሻንጣና አንድ ጆንያ ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ላዳን አቅፋ አስገባቻትና ወደ እኛ ዞራ «ማርቲ ናት» አለች። እንግዳ ናት ማለቷ ነው።

ሶማሌ ቤት የኖረ ሰው ማርቲ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። ቦታ ይለቀቅለታል፣ ካለው ይቀርብለታል፤ ምን አመጣህ፣ መቼ ትሄዳለህ አይባልም። መቼ ትሄዳለህ ማለት ሂድ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ቤት ስሙ ለዘመድ አዝማድ ይወራል። እኔ ደግሞ አክስቴ ባቡር ያመለጠውን መንገደኛ ሁሉ ስታሳድር ያየሁ ነኝ፤ በሶማሌዎቹ መሃል አማርኛ ተናጋሪ ሆኜ ባድግም በዚህ ነገር ከማንም አላንስም። ስለዚህ አልጠየቅኩም። አንድ ቀን አይደለም፣ አንድ ሳምንት አይደለም፣ ጥር አልቆ የካቲት ሲጋመስ እንኳ አልጠየቅኩም። የሻንጣዋን ትልቅነት እያየሁ አልጠየቅኩም!

እንዲያውም ምን ሠራሁ መሰላችሁ? ከመደርደሪያው የኔን ሁለት ክፍል ለቀቅኩላት። መጽሐፎቼን በፓስታ ካርቶን አድርጌ አልጋዬ ሥር ከተትኩ። የጫማ ማስቀመጫው ላይ ተጨማሪ ኪስ ሰፋሁላት፤ ለሻንጣዋ ቦታ እንዲገኝ ጀሪካኖቹን ወደ ጠረጴዛው ሥር አዛወርኩ። ሌላ የቲማቲም ሳጥን ፈልጌ አምጥቼ ከላዳን ራስጌ መታሁላት፣ ሽቶዋንና ቁርኣኗን የምታስቀምጥበት። ነስራ ትሑት ልጅ ናት፤ ምስማር በመታሁ ቁጥር «አላህ ይስጥሽ» ትለኛለች። ላዳን መዶሻውን ታቀብለኝ ነበር።

ሌሊት ሁለቱ በላዳን አልጋ ላይ ራስና እግር ሆነው ይተኛሉ። ቀን ግን ነስራ የኔ አልጋ ላይ መቀመጥ ትወድ ነበር። አንድ ቀን «ይሄ መስኮት ማታ ብርድ ያስገባል?» ብላ ጠየቀችኝ። በስንጥቁ ላይ ጨርቅ አጣጥፌ እንዴት እንደምወትፍ አሳየኋት፤ ፍራሹም በአንድ በኩል የጎደጎደ ስለሆነ በየጊዜው መገልበጥ እንደሚያስፈልገው ነገርኳት። ለአልጋዬ ወራሽ የአልጋዬን አያያዝ አስተማርኩ! ቀለምወርቅ ከላይ ሆና ትሰማ ነበር፤ ያን ቀን መጽሐፏን ዘግታ ወጣች። በዚያ ሰሞን ከኔ ጋር መቀለድ ትታ ነበር። ጾም ገብቶ ስለነበር እሱ ያደከማት መሰለኝ።

በየካቲት መጨረሻ ከክፍል ስመለስ ሕንፃው በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ ሰው ከቦታል። ቤተሰቦቻቸው በከተማው የሚኖሩ ተማሪዎች አልጋቸውን በዝውውር ለመጡ ተማሪዎች እንዲለቁ ይላል። ከታች ስም አለ። የኔም ስም አለ።

ሳቅኩ። እውነቴን ነው፣ ስህተት መስሎኝ ሳቅኩ። እየሳቅኩ ኤዶ ሀሊሞ ቢሮ ገባሁ።

«ኤዶ፣ ስሜ በስህተት ወጥቷል። እኔ እኮ የአዲጋላ ልጅ ነኝ።»

«የአዲጋላ ልጅ መሆንሽን አውቃለሁ» አለች። «ግን አባትሽ እዚሁ ነው አሉ። ከመስጊዱ ጀርባ፣ የብርድ ልብስ ሱቅ። ባለቤቱ ፈትሂያ አይደለችም?»

የአባቴን ስም መታወቂያዬ ላይ ማንም ያየዋል። ፈትሂያን ግን በዚያ ካምፓስ ውስጥ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

«ማን ነገረሽ?»

ኤዶ ሀሊሞ ፊቴን አይታ ግራ ገባት። «ጥር ላይ ከየክፍሉ የከተማ ልጅ ካለ ንገሩኝ ብዬ ተጠሪዎቹን ጠየቅኩ። ያንቺ ተጠሪ መጥታ ነገረችኝ። ተነጋግራችሁ የተስማማችሁ መስሎኝ ነበር እኮ። ሪሐና ራሷ መውጣት ትፈልጋለች ነው ያለችኝ።» ቀጥላም «አባቷ ናፍቋታል ነው ያለችው» አለች።

አባቷ ናፍቋታል። እንዲህ ብላ ነው የሸጠችኝ። ሱቁን ብቻ ብትናገር፣ እሺ ሕጉ ነው ልበል። ልብስ እያጠብን፣ እያለቀስኩ የነገርኳትን ቁስሌን ወስዳ፣ ገልብጣ፣ ናፍቆት አድርጋ ፕሮክተር ቢሮ አስገባችው። ለኤዶ ሀሊሞ ውሸት ነው አልኳት፤ ሁሉንም ነገርኳት። አዘነች። ግን ስሙ ከሷ እጅ ወጥቶ ወደ ተማሪዎች አገልግሎት ሄዷል፤ በምትኬ የተተካችውም ተመዝግባለች። የተተካችው ነስራ ናት። የዝውውር ወረቀቷ ካለቀ ቆይቷል፤ አልጋ ነበር ስትጠብቅ የከረመችው።

ክፍሉ ስደርስ ሦስቱም ነበሩ። ላዳን ልብስ ታጥፋለች፣ ቀለምወርቅ ላይኛው አልጋ ላይ ናት፣ ነስራ የኔ አልጋ ላይ ተቀምጣለች።

«አባቴ ናፍቆኛል?» አልኳት ላዳንን።

አልካደችም። ብትክድ ይሻለኝ ነበር። ልብሱን አስቀመጠችና «ተቀመጪ፣ አባዮ» አለችኝ።

«አባዮ አትበይኝ።»

«ሪሐና፣ አንቺ የምትገቢበት ቤት አለ። ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ ቤት ነው። እሷ እዚህ ከተማ ማንም የላትም። ያስተማረኝ አባቷ ነው፤ አደራ ብሎ ልኮልኛል። ምን ልበለው? ልጅህን ሜዳ ላይ ጣልኳት ልበለው?»

«ለኔ መንገር አትችይም ነበር?»

«ብነግርሽ እምቢ ትያለሽ።»

«አዎ! እምቢ እል ነበር!»

«እኮ» አለች።

ይቺ «እኮ» እስከ ዛሬ ታነድደኛለች። እምቢ ማለት እንደምችል ታውቃለች፤ ስለዚህ እምቢ እንዳልል አድርጋ ሠራችው። ፊቷ ላይ ተንኮል አልነበረም። ለዘመዷ ትክክለኛውን ያደረገች ሰው ፊት ነበር፤ እኔ ደግሞ ከዘመድ በታች ነኝ።

ወደ ላይ ቀና አልኩ። «ቀለሜ፣ አንቺስ ታውቂ ነበር?»

ቀለምወርቅ ጉልበቷን አቅፋ ግድግዳውን አየች። «እሷ ራሷ ትነግርሻለች ብዬ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ነስራ ከመጣች ጀምሮ፣ ላዳን ነግራኝ» አለች በቀስታ። «መሃል ገብቼ እንዳላጣላችሁ ብዬ ነው፣ በእመቤቴ።»

ከመጣች ጀምሮ! ምስማር ስመታ ያውቃሉ። ኪስ ስሰፋ ያውቃሉ። መጽሐፎቼን ካርቶን ውስጥ ከትቼ አቧራ ሳለብስ ያውቃሉ፤ አንዷም «ሪሐና፣ ተይ» አላለችኝም። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል፤ ኮርቻውን አጥብቄ የጫንኩት ራሴ መሆኔ ነው ያበገነኝ። ነስራ ከአልጋዬ ተነሳች። የተቀመጠችበትን አንሶላ በእጇ አስተካከለችና ጥግ ሄዳ ቆመች፤ ከሦስቱ ያፈረች እሷ ብቻ ነበረች።

ለአባቴ ደወልኩለት። የሆነውን ነገርኩት። ከዚያ «እስቲ ፈትሂያን ላናግራትና መልሼ ልደውልልሽ» አለኝ። ሲደውል ድምፁ ቀለል ብሎ ነበር። ቤቱ እንደማይመች፣ ግን ከሱቁ በስተኋላ፣ ብርድ ልብሱ በሚከመርበት በኩል ፍራሽ የሚያስገባ ቦታ እንዳለ ነገረኝ። «ሱቁንም ቀን ቀን ታግዢናለሽ» አለ። ቀን ቀን ክፍል እንዳለኝ አልጠየቀኝም፤ እኔም አላስታወስኩትም።

በማግስቱ ሁሉንም ነቀልኩ። መደርደሪያውን፣ የጫማ ማስቀመጫውን፣ ከላዳን ራስጌ የመታሁትን ሳጥን ሳይቀር። የነስራን ሽቶና ቁርኣን በክብር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፤ ቁርኣኑ ምን አደረገኝ። ላዳን «መደርደሪያውን እንኳ ተይው፣ አሁን ምን ያደርግልሻል?» አለችኝ። ምስማሩን መንቀሌን ቀጠልኩ፤ ጣቴ ደማ። ብሎኬቶቹን ብቻዬን ማውጣት አልቻልኩም፤ ስናስገባቸው ሁለት ነበርን። ልብስ፣ ዘይት፣ ጫማ፣ የቀለምወርቅ በሶ፣ ሁሉም እንደ መጀመሪያው ቀን ወለል ላይ ተዘርግቶ ክፍሉ ዕቃ ቤት መሰለ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ደስ አላለኝም።

ባጃጅ ግቢ ስለማይገባ ዕቃዬን እየተመላለስኩ ወደ ዋናው በር አጋዝኩ። ላዳን ማንም ሳይጠራት አንዱን ሳጥን ታቅፋ ከኋላዬ መጣች። ዞር በይ አላልኳትም፤ ከሷ ጋር ላለመነጋገር ወስኜ ነበር።

በሩ ላይ ጥበቃው ዲሪዬ አስቆመኝ። የልብስ ሻንጣና መጽሐፍ ያልፋል፤ መደርደሪያና እንጨት፣ ምንጣፍና ፍራሽ ግን የካምፓሱ ንብረት እንዳይሆን ከክፍሉ አንድ ሰው ቆሞ በአፉ መመስከር አለበት። ደንቡ ነው፤ ለሁሉም ነው የሚጠይቁት። ላዳን ሳጥኑን አስቀመጠችና ቶሎ ብላ ፊት ቀረበች።

«አደር» አለችው፤ አጎቴ ማለቷ ነው። «እኔ የክፍሉ ተጠሪ ነኝ። ይሄ ሁሉ የሷ ነው። የካምፓሱ አንድም የለበትም፣ ወላሂ፤ በእጇ ስትሠራው አይቻለሁ።»

ከልቧ ነው የመሰከረችልኝ፤ ይህን አልክድም። ዲሪዬ ራሱን ነቀነቀና ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺስ፣ ይቺን ልጅ ታውቂያታለሽ? የክፍልሽ ልጅ ናት?»

አንድ «አዎ» ብቻ ነበር የቀረኝ። አዎ ብል ዕቃዬ ይወጣል፤ ላዳንም ቀለል ብሏት ትመለሳለች፤ በመጨረሻዋ ሰዓት አልተውኳትም፣ ቆሜ መሰከርኩላት ብላ ትተኛለች፤ ለሰውም እንዲሁ ትናገራለች። ዓይን ዓይኔን ታየኝ ነበር። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ጋርባሳሯ የሳጥኑ አቧራ ነክቶታል። ይቅርታ አልጠየቀችኝም፤ ይህን ግን እንደ ይቅርታ እንድቆጥርላት ትጠብቅ ነበር።

«አላውቃትም» አልኩ።

ዲሪዬ ግራ ገባው። «እንዴት? አብራችሁ አይደለም እንዴ የምትኖሩት?»

«አብረን ነው የኖርነው። አላውቃትም።»

«ሪሐና!» አለች ላዳን።

«ካላወቅሻት ምስክር ልትሆንሽ አትችልም» አለ ዲሪዬ። «ሌላ ሰው ካላመጣሽ ዕቃው እዚሁ ነው የሚቀረው፤ እወቂው።»

«ይቅር» አልኩት።

የልብስ ሻንጣዬን አነሳሁ፣ የመጽሐፉን ካርቶን በብብቴ ይዤ ወጣሁ። ባለ ባጃጁ ብዙ ዕቃ አለ ስለተባለ የኋላውን ሸራ ገልጦ ይጠብቀኝ ነበር። «ሌላውስ?» አለኝ። የለም አልኩት፤ አልጎመጎመና ሸራውን መለሰው። ስንነሳ ወደ በሩ አየሁ። ላዳን ከሳጥኖቹ አጠገብ እንደቆመች ናት። መልሳ ወደ ክፍሉ ለማስገባት አንዱን ስታነሳ ዲሪዬ እጁን ዘርግቶ ሲከለክላት አየሁ። ዕቃው የሪሐና ነው ብላ አሁን ምላ መስክራለች፤ እንዴት አድርጎ ይስጣት?